ኤቨርተን፦ የሜዳ ኪራይ የቀረጸው ታሪክ

በአገራችን የእንግሊዝን እግር ኳስ የሚከታተል ሰው አንፊልድ ሲባል ወዲያው የሚያስበው ሊቨርፑልን ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ሜዳ ላይ እየተጫወተ ለመጀመሪያ ጊዜ የእንግሊዝ ሊግ ሻምፒዮን የሆነው ክለብ ኤቨርተን ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው የሊቨርፑል ክለብ ገና አልተመሠረተም ነበር። ኤቨርተን አንፊልድን ለቅቆ የወጣውም ሊቨርፑል የተወለደውም በአንድ ጠብ ነው፤ የጠቡም መነሻ የሜዳ ኪራይ ነበር። የክለቡን ታሪክ በዚህ በኩል ማስረዳት የመረጥኩት ዋንጫዎቹን በመቁጠር ብቻ የኤቨርተንን ዕጣ መረዳት አይቻልም ብዬ ስለማምን ነው። ክለቡ የሚጫወትበት መሬት የማን ነው፣ ለመሬቱና ለግንባታው የሚወጣው ገንዘብስ ከማን ኪስ ይመጣል የሚለው ጥያቄ በ1892 ክለቡን ለሁለት ከፍሎታል፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በኋላም ከገለልተኛ ኮሚሽን ፊት አቁሞታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በጸሎት ቤት ነው። በሊቨርፑል ከተማ በኤቨርተን ሰፈር የነበረው የቅዱስ ዶሚንጎ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ወጣቶች በሞቃቱ ወራት ክሪኬት ይጫወቱ ነበር፤ በብርዱ ወራትም ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ በ1878 የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። የጸሎት ቤቱ አገልጋይ ቤን ስዊፍት ቻምበርስ ወጣቶቹን በስፖርት ያሰባሰቡ ሰው ነበሩ። በዓመቱ ከጸሎት ቤቱ ውጭ ያሉ ሰዎችም መጫወት ስለፈለጉ ቡድኑ በኅዳር 1879 የሰፈሩን ስም ወስዶ ኤቨርተን ተባለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ጅማሬ እንግዳ አልነበረም፤ አስቶን ቪላም ሳውዝሃምፕተንም ከቤተ ክርስቲያን ወጣቶች የበቀሉ ክለቦች ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች የተካሄዱት ስታንሊ ፓርክ በሚባለው የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነበር። መናፈሻው ለማንም ክፍት ስለሆነ ተመልካቹ ምንም ያህል ቢበዛ የመግቢያ ዋጋ ማስከፈል አይቻልም፤ አጥር የሌለው ሜዳ ገቢ የለውም። ስለዚህ ክለቡ ወደ ፕራዮሪ መንገድ ተዛወረ። የመሬቱ ባለቤት ግን የተመልካቹን ጫጫታ መታገሥ ስላልቻሉ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ጠየቁት። በ1884 አንፊልድ የተገኘው በዚህ ሁኔታ ነው።

እዚህ ላይ የታሪኩ ዋና ሰው ይመጣሉ። ጆን ሆልዲንግ ቢራ ጠማቂ፣ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ፖለቲከኛና የክለቡ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ኋላም የሊቨርፑል ከተማ ከንቲባ ሆነዋል። የአንፊልድ መሬት በመጀመሪያ የጆን ኦረል የተባሉ የሙያ ባልደረባቸው ንብረት ሲሆን ሆልዲንግ ብዙም ሳይቆዩ መሬቱን ገዝተው አከራይ ሆኑ። በአቅራቢያው የነበረው ሳንደን ሆቴል የእርሳቸው ነበር፤ ተጫዋቾቹ ልብስ የሚለውጡትም እዚያው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው የክለቡ ፕሬዚዳንት፣ የሜዳው አከራይ፣ ለተመልካቹ መጠጥ የሚሸጠው ነጋዴ ሆነው ተገኙ ማለት ነው። ክለቡ ትንሽ ሳለ ይህ ችግር አልፈጠረም፤ እንዲያውም ያለ ሆልዲንግ ገንዘብና ጥረት ኤቨርተን ከሰፈር ቡድንነት ባልወጣ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከስኬት ጋር ነው። በ1885 ለተጫዋቾች ደመወዝ መክፈል ተፈቀደ፤ በ1888 የእንግሊዝ ሊግ በአሥራ ሁለት ክለቦች ሲመሠረት ኤቨርተን አንዱ ሆነ፤ በ1891 ደግሞ ሻምፒዮን ሆነ። ተመልካቹ በብዙ ሺህ ይቆጠር ጀመር። በዚሁ ልክ በዓመት 100 ፓውንድ የነበረው ኪራይ ወደ 250 ፓውንድ አደገ። ሆልዲንግ በመጨረሻ ያቀረቡት ሐሳብ ክለቡ ወደ አክሲዮን ኩባንያነት እንዲለወጥና የእርሳቸውንም ከጎኑ ያለውን የኦረልንም መሬት አጠቃልሎ እንዲገዛ ነበር። አባላቱ ይህን ሲሰሙ ፕሬዚዳንታቸው በአንድ እጃቸው ሻጭ በሌላው እጃቸው ገዥ ሊሆኑ እንደሆነ ተሰማቸው።

ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ሆኖ ማየት ይገባል። ሆልዲንግ ክለቡ ሲቸገር ገንዘባቸውን አውጥተዋል፤ ያወጡትን ከትርፍ ጋር ለመመለስ መሞከራቸው ለነጋዴ የሚያስነውር አይደለም። አባላቱ በበኩላቸው በየሳምንቱ በራሳቸው ድካም የሚያድገው የመግቢያ ገቢ በኪራይ መልክ ወደ አንድ ሰው ኪስ መፍሰሱን አልወደዱትም። ብዙዎቹ መጠጥን የሚቃወሙ የጸሎት ቤት ሰዎች፣ በፖለቲካም የሊበራሉ ፓርቲ ደጋፊዎች መሆናቸው እሳቱን አባብሶታል። አንዳንድ ጸሐፊዎች መጠጡን ዋና ምክንያት ያደርጉታል፤ እኔ ግን ክርክሩ የዞረው ሁልጊዜ በኪራዩና በመሬቱ ዋጋ ዙሪያ ስለሆነ ዋናው ገንዘቡ ነበር፣ እምነቱና ፖለቲካው ደግሞ ሰዎቹ እንዳይታረቁ አደረጉ ማለቱ ይበልጥ ትክክል ይመስለኛል።

የተቃዋሚዎቹ መሪ ጆርጅ ማሆን የቅዱስ ዶሚንጎ ጸሎት ቤት ኦርጋን ተጫዋችና የሂሳብ ባለሙያ ነበሩ። በጥር 1892 በተደረገው ስብሰባ ክለቡ አንፊልድን ትቶ በስታንሊ ፓርክ ማዶ ወዳለ ባዶ መሬት እንዲሄድ ሐሳብ አቀረቡ፤ አብዛኛው አባል ደገፋቸው። ሆልዲንግ በዚህ መካከል የኤቨርተንን ስም የያዘ ኩባንያ አስመዝግበው ነበርና ስሙም ሜዳውም ለእርሳቸው እንዲቀር ፈለጉ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ግን ስሙ የአብዛኞቹ አባላት ነው ብሎ ወሰነ። ይህ ውሳኔ በጊዜው ትንሽ የአሠራር ጉዳይ ቢመስልም ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ ክለብ ማለት መሬቱ ወይም የንግድ ምዝገባው ሳይሆን አባላቱ ናቸው ማለት ነበርና። ተጫዋቾቹ ከጥቂቶች በቀር ከአባላቱ ጋር ሄዱ። ባዶ ሜዳ ይዘው የቀሩት ሆልዲንግ በመጋቢት 1892 አዲስ ክለብ መሠረቱ፤ ስሙንም ሊቨርፑል አሉት፤ ባልደረባቸው ጆን ማኬና ከስኮትላንድ ተጫዋቾችን እያመጡ ሞሉት።

ኤቨርተኖች ደግሞ መሬት አገኙ እንጂ ሜዳ አልነበራቸውም። ሜር ግሪን የሚባለውን ወጣ ገባ ቦታ ደልድሎ መቀመጫ ለመሥራት ገንዘብ ሲያጥራቸው የክለቡ ሰው ሐኪሙ ጄምስ ባክስተር 1,000 ፓውንድ ያለ ወለድ አበደሯቸው። ሥራው በጥቂት ወራት አልቆ ጉዲሰን ፓርክ ነሐሴ 24 ቀን 1892 ተመረቀ። በእንግሊዝ በተለይ ለእግር ኳስ ታስበው ከተሠሩት ትልልቅ ስታዲየሞች የመጀመሪያው ይህ ነው። በ1895 ክለቡ መሬቱን በ8,090 ፓውንድ ገዝቶ ከማንም ኪራይ ነፃ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የነፃነቱን ፍሬ ያሳያል፦ ስመ ጥሩው የስታዲየም ንድፍ ባለሙያ አርቺባልድ ሊች ከ1909 ጀምረው ባለ ሁለት ፎቅ መቀመጫዎቹን ተራ በተራ ነደፉ፤ በ1938 ጉዲሰን በአራቱም ጎኑ ባለ ሁለት ፎቅ መቀመጫ ያለው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ሜዳ ሆነ፤ በ1948 ከሊቨርፑል ጋር በተደረገ ጨዋታ 78,299 ሰው ገባበት፤ በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፖርቱጋል ሰሜን ኮሪያን 5 ለ 3 ያሸነፈችበትን ጨዋታ ጨምሮ አምስት ግጥሚያዎች ተካሄዱበት።

ከጠቡ የተረፈው ሌላ ነገር የባለቤትነቱ ዓይነት ነው። ማሆንና ጓደኞቻቸውም ቢሆኑ ክለቡን ወደ አክሲዮን ኩባንያነት ለውጠውታል፤ ልዩነቱ አክሲዮኑ የአንድ ፓውንድ ዋጋ ያለው ሆኖ በብዙ ትንንሽ ባለ አክሲዮኖች እጅ መበተኑ ላይ ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርም በዘመኑ የክለብ ባለ አክሲዮኖች የሚከፋፈሉት ትርፍ በዓመት ከአምስት በመቶ እንዳይበልጥ፣ የቦርድ አባላትም ደመወዝ እንዳይቀበሉ ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ክለብን የሚመራ ሰው ክብር እንጂ ሀብት አያገኝበትም ነበር፤ ትርፍ ከተገኘ የሚሄደው ወደ ሜዳውና ወደ ተጫዋቾቹ ነው። የዘመኑ የኤቨርተን መሪዎች የከተማዋ ጠበቆች፣ ሐኪሞችና ነጋዴዎች ነበሩ።

በዚህ ሥርዓት ኤቨርተን ከአገሪቱ ታላላቅ ክለቦች አንዱ ሆነ። ዘጠኝ የሊግ ሻምፒዮንነትና አምስት የኤፍ ኤ ዋንጫ አለው፤ ሊጉ ከተመሠረተ ወዲህ ከከፍተኛው ሊግ ውጭ ያሳለፈው አራት የውድድር ዘመን ብቻ ስለሆነ በዚያ ደረጃ ከእርሱ የበለጠ የተጫወተ ክለብ የለም። ከስሞቹ ሁሉ በላይ የሚነሣው ዲክሲ ዲን ነው። በ1925 ከትራንሚር በ3,000 ፓውንድ የመጣው ይህ አጥቂ በሞተር ሳይክል አደጋ የራስ ቅሉ ተሰብሮ ዳግመኛ አይጫወትም ተብሎ ነበር፤ እርሱ ግን ተመልሶ በ1927/28 የውድድር ዘመን በሊጉ ብቻ 60 ግቦችን አስቆጠረ። ስድሳኛዋ ግብ የተገኘችው በመጨረሻው ጨዋታ ከአርሰናል ጋር ሦስት ግብ በማስቆጠር ነበር። ይህ ክብረ ወሰን በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ዲን በ1980 ሕይወቱ ያለፈችው በዚያው በጉዲሰን ፓርክ ኤቨርተንና ሊቨርፑል ሲጫወቱ እየተመለከተ ሳለ ነው።

የክለቡ ዕድል ግን ሦስት ጊዜ ከሜዳ ውጭ በሆነ ምክንያት ተቆርጧል። በ1915 ሻምፒዮን ሲሆን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ውድድሩን ለአራት ዓመት አቋረጠው። በ1939 በወጣቱ ቶሚ ላውተን ግቦች እንደገና ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሁለተኛው ጦርነት ተነሣ፤ ሊጉ በ1946 ሲመለስ ያ ቡድን ተበትኖ ነበር፤ በ1951ም ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ሦስተኛው በ1985 የሆነው ነው። የአሰልጣኝ ሃዋርድ ኬንዳል ቡድን ሊጉን አሸንፎ፣ በግንቦት 15 ቀንም በሮተርዳም ራፒድ ቪየናን 3 ለ 1 ረትቶ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወሰደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በብራስልስ በሄይሰል ስታዲየም በሊቨርፑልና ዩቬንቱስ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ በተነሣ ሁከት 39 ሰዎች ሞቱ፤ የእንግሊዝ ክለቦችም ከአውሮፓ ውድድሮች ታገዱ። በዚያ ቀን የጠፋው የሰው ሕይወት ከማንኛውም ዋንጫ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ያም ሆኖ በ1985ም በ1987ም ሻምፒዮን የሆነው ኤቨርተን በሻምፒዮኖቹ ዋንጫ የመሳተፍ ዕድሉን ያጣው ባልሠራው ጥፋት ስለሆነ፣ የደጋፊዎቹ ቁጭት ለምን እስከ ዛሬ እንዳልበረደ መረዳት አይከብድም።

ከዚህ በፊት ሌላ ለውጥ ተጀምሮ ነበር። በ1960 ጆን ሙርስ የተባሉት፣ ሊትልውድስ የተባለው የእግር ኳስ ውርርድ ኩባንያ ባለቤት፣ ሊቀመንበር ሲሆኑ ክለቡ ከባክስተር ዘመን ወዲህ ያላየውን የግለሰብ ገንዘብ አገኘ። ገንዘቡ ፍሬ አፍርቷል፤ በአሰልጣኝ ሃሪ ካተሪክ ዘመን የ1963 እና የ1970 የሊግ ዋንጫዎች፣ የ1966 የኤፍ ኤ ዋንጫም ተገኝተዋል። ነገር ግን ስኬት በአንድ ሀብታም ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል እንደሚችል ክለቡ የለመደው ያን ጊዜ ነው። የትርፍ ገደቡ ደንብ በሰማንያዎቹ ውስጥ መላላቱ፣ በ1992 ደግሞ ኤቨርተን ራሱ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ፕሪሚየር ሊግ መጀመሩ የቴሌቪዥን ገንዘብን አመጣ፤ ክለቦችም የሚገዙና የሚሸጡ ንብረቶች ሆኑ። የሚያሳዝነው፣ ሊጉ እንዲመሠረት ከገፋፉት አምስት ክለቦች አንዱ የነበረው ኤቨርተን ከ1995ቱ የኤፍ ኤ ዋንጫ በኋላ አንድም ትልቅ ዋንጫ አላገኘም።

ለዚህ ብዙ ምክንያት ቢኖርም አንዱ ራሱ ጉዲሰን ነው። በ1892 ነፃነት የሰጠው ሜዳ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስር ሆነ። ዙሪያውን በመኖሪያ ቤቶች፣ በአንድ ማዕዘኑም በቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ስለተከበበ መስፋፋት አይችልም፤ ወደ 39,000 ሰው ብቻ ይይዝ ነበር፤ ብዙ መቀመጫዎቹ ከምሰሶ ጀርባ ናቸው፤ ከፍተኛ ዋጋ የሚከፈልባቸው ክፍሎቹም ጥቂት ነበሩ። አርሰናል በ2006 ስድሳ ሺህ ሰው ወደሚይዝ ስታዲየም ሲዛወር ኤቨርተን ከእያንዳንዱ የሜዳው ጨዋታ የሚያገኘው ገቢ ከተፎካካሪዎቹ እጅግ ያነሰ ሆነ። ኪንግስ ዶክ ላይ ስታዲየም የመሥራት ዕቅድ ገንዘብ ስለጠፋ በ2003 ቀረ፤ ከከተማዋ ወሰን ውጭ በከርክቢ ከአንድ የገበያ ድርጅት ጋር ለመሥራት የታሰበውንም በ2009 መንግሥት ከለከለው።

በ2016 ፋርሃድ ሞሺሪ የተባሉ ባለ ሀብት ሲገቡ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተጀመሩ፦ በመርሲ ወንዝ ዳርቻ በሚገኘው በ1848 በተከፈተው የብራምሊ ሙር ወደብ ላይ ስታዲየም የመገንባት ሥራና ለተጫዋቾች ግዢ ያለ ልክ ገንዘብ ማውጣት። ሁለቱን ያጋጨው የሊጉ የትርፍና ኪሳራ ደንብ ነው። ደንቡ በዚያን ጊዜ በአጭሩ እንዲህ ይል ነበር፦ ባለቤቱ ጉድለቱን በራሱ ገንዘብ የሚሸፍን እስከሆነ ድረስ ክለቡ በሦስት ዓመት በድምሩ እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ሊከስር ይችላል፤ ለስታዲየም፣ ለወጣቶችና ለሴቶች ቡድን የሚወጣው ግን ከኪሳራው አይቆጠርም። ኤቨርተን እስከ 2022 ባሉት ዓመታት 124.5 ሚሊዮን ከስሮ ተገኘ፤ ይህም ከገደቡ በ19.5 ሚሊዮን ይበልጣል። ክለቡ ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ ለብድር የተከፈለው ወለድ በከፊል የስታዲየም ወጪ ተደርጎ እንዲታይለት ነበር። ገለልተኛው ኮሚሽን ግን ብድሮቹ ለዕለታዊ ሥራ የተወሰዱ ናቸው በማለት ይህን አልተቀበለም። በኅዳር 2023 አሥር ነጥብ ተቀነሰበት፤ በይግባኝ ወደ ስድስት ዝቅ አለ፤ በሚያዝያ 2024 ለቀጣዩ ዓመት ሂሳብ ሌላ ሁለት ነጥብ ተቀነሰ። ቡድኑ በሜዳ ላይ 48 ነጥብ ሰብስቦ በ40 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ቅጣቱ ከበደ ወይስ ተመጣጠነ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ጥፋቱን ያደረሱት ጥቂት ውሳኔ ሰጪዎች ሲሆኑ ቅጣቱን የተሸከሙት ግን በውሳኔው ድምፅ ያልነበራቸው ደጋፊዎች ናቸው፤ የ1892 አባላት የነበራቸው የመቃወሚያ መሣሪያ ለእነርሱ አልቀረላቸውም። በሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ምክንያት በ2022 ከሩሲያዊው ባለ ሀብት ከአሊሸር ኡስማኖቭ ኩባንያ ጋር የነበረው የማስታወቂያ ውል ሲታገድ፣ 777 ፓርትነርስ የተባለው ድርጅት ክለቡን ለመግዛት ተስማምቶ ለወራት ካንጠለጠለው በኋላ ሲከሽፍ፣ ደጋፊው ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው አልነበረም። በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካው ፍሪድኪን ግሩፕ ክለቡን ገዛ፤ ከሳምንታት በኋላም ዴቪድ ሞየስ ወደ አሰልጣኝነቱ ተመለሱ።

ስታዲየሙ ግን ተሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከ52,000 በላይ ሰው የሚይዘውና ሂል ዲኪንሰን የተባለው የሕግ ድርጅት ስሙን የሰጠው ስታዲየም በነሐሴ 2025 የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ አስተናገደ፤ ኤቨርተንም ብራይተንን 2 ለ 0 አሸነፈ። ግንባታው ለከተማዋ ዋጋ አስከፍሏታል፤ ዩኔስኮ በ2021 የሊቨርፑልን ወደብ ከዓለም ቅርስነት መዝገብ ሲሰርዝ ይህን ስታዲየም ጨምሮ በወንዙ ዳርቻ የታቀዱትን ግንባታዎች በምክንያትነት ጠቅሷል።

ጉዲሰን ፓርክ የወንዶቹ ቡድን ከለቀቀው በኋላ ሊፈርስ ታስቦ ነበር፤ አዲሶቹ ባለቤቶች ግን ለኤቨርተን ሴቶች ቡድን ቋሚ ሜዳ እንዲሆን ወሰኑ። ለዚህ ውሳኔ ሜዳው የራሱ ታሪክ አለው። በታኅሣሥ 26 ቀን 1920 ዲክ ከር የተባለው የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ቡድን ከሴንት ሄለንስ ሴቶች ጋር በጉዲሰን ሲጫወት 53,000 ያህል ሰው ገብቶ ነበር፤ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ውሏል። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሴቶች በአባል ክለቦች ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ እገዳውም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። ከ2025/26 የውድድር ዘመን ጀምሮ የኤቨርተን ሴቶች የሊግ ጨዋታዎቻቸውን የሚያደርጉት በዚያው ሜዳ ላይ ነው።